ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው አዝማሪ ቤት፦ እሰይ፣ ጎሽ እና ይበል በቦታቸው የሚባሉበት ቤት

ስለ አዝማሪ ቤት ሰው ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የማየው ጥብሱ እንዲህ ነው፣ ቢራው ይቀዘቅዛል፣ ፓርኪንግ የለውም ምናምን ነው። እሱም ያስፈልጋል፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ግን እኔ አንድን አዝማሪ ቤት ጥሩ ነው የምለው መጀመሪያ ሰዉን ሰምቼ ነው። ሰዉ እሰይ፣ ጎሽ፣ አበጀህ፣ ይበል ይላል ወይ? ሲልስ በቦታው ነው ወይስ እንደው ለሞቅታ? ምክንያቱም አዝማሪ ግጥሙን ቤቱ አዘጋጅቶ ይዞት አይመጣም፣ እዛው ፊታችሁ ነው የሚፈጥረው፣ እና ያቺ ቃል ካልመጣችለት የተናገረው ነገር መድረሱንም አያውቅም። ዝም የሚል ቤት ውስጥ በጣም ጎበዝ አዝማሪ ራሱ ሁለት ሶስት ዘፈን ከሞከረ በኋላ ወደለመዳት ግጥም ይመለሳል፣ የሚመልስለት ሰው ያለበት ቤት ደግሞ መካከለኛው አዝማሪ ሲፈላ ታያላችሁ። ይሄን በአይኔ ስላየሁት ነው እንዲህ የምከራከረው።

ቤቱ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት አካባቢ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ ሰው በማሲንቆ ተጫዋቹ ስም ነው የሚጠራው፣ የግለሰብ ስም ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም፣ ግን ሰፈሩ ገብታችሁ አዝማሪ ቤቱ የት ነው ካላችሁ የሱቁም ልጅ የፓርኪንጉም ልጅ ያሳያችኋል። ሳሎን የምታክል ክፍል ናት፣ ዙሪያዋን መደብ፣ መሀል ላይ በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድና አገልግል፣ ያው የምታውቁት ነው። ድሮ እንዲህ አይነት ቤት የሚፈለገው ካዛንቺስ ነበር፣ ዳንሰኛው መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንስቶ የባህል ማዕከል ያደረገው ፈንድቃም እዛ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የሰፈሩ ብዙው ክፍል ሲፈርስ ግን ቤቱም ሰዉም ተበታተነ፣ አሁን አንዱ ገርጂ አንዱ ሳሪስ አንዱ ሃያ ሁለት ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጥሩ ቤት ሲገኝ መናገር ግዴታ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ድምፁን ላውራ። እዚህ ቤት ትልቅ ስፒከር የለም። ሴቷ ዘፋኝ አንዲት ማይክ አላት፣ ማሲንቆው በባዶው ነው፣ ከበሮውም በባዶው ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት የሚኬደው ቃል ለመስማት ነው፣ ህብር ቃሉ (ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል) አንዲት ፊደል ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ጠበቅ ካለች ሌላ ላላ ካለች ሌላ ትሆናለች፣ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ስፒከር ባለበት ቤት ያቺ ፊደል ጆሮ አትደርስም። ሰሙን፣ የላይኛውን ትርጉም፣ የሚሰማው የለም፣ ወርቁ፣ ከስር የተደበቀው፣ ደግሞ ጭራሽ። እና ያልሰማ ሰው ምን ብሎ እሰይ ይላል? ያጨበጭባል በቃ። ሌላ አንድ ቤት ሄጄ ነበር ስሙን አልጠራም፣ አንድ ልጅ ማይክ ይዞ በየአምስት ደቂቃው «ጭብጨባ! ጭብጨባ! እጅ ከፍ!» ይላል፣ ማሲንቆ የያዘው ሰውዬ መሀል ላይ ቆሞ ጭብጨባው እስኪያልቅ ይጠብቃል። በጣም ነው ያናደደኝ። በትእዛዝ የሚወጣ ጭብጨባ ለአዝማሪው ምንም አይነግረውም እኮ፣ የትኛዋ ስንኝ እንደገባች የትኛዋ እንዳልገባች አያውቅበትም።

እዚህ ቤት ግን ማሲንቆ ተጫዋቹ ለቃሏ ቦታ ይተዋል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ እኔ ሁሌም እሱ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ከመጀመሩ በፊት ደጋኑን ሙጫ ላይ ሸርተት ሸርተት ያደርጋታል፣ ከዛ የመጀመሪያዋን ስንኝ ይልና ይደግማታል፣ ሁለቴ። በሁለቱ መሀል ማሲንቆው ያወራል፣ እሱ ፊታችሁን እያየ ነው። ሁለተኛዋን ስንኝ ሲል ደጋኑ ይቀጥናል፣ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ቀጥ! አንድ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ። ያቺ ዝምታ የናንተ ናት። እዛ ላይ ነው እሰይ የሚባለው። እሰዩ ሲመጣ ደጋኑ ይመለሳል፣ ትከሻ ይጀምራል፣ ቤቱ ይፈነዳል። ቀድማችሁ ካላችሁ ስንኙን ትገድሉታላችሁ፣ ዘግይታችሁ ካላችሁ እሱ አልፎ ሄዷል።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት (የሚመጣው ባብዛኛው ወጣት ነው፣ ደስም ይላል) ሁሉንም አንድ አድርጎ ሲወረውር አያለሁ።

እሰይ የደስታ ቃል ናት፣ የራሳችሁን ደስታ ነው የምትናገሩት እንጂ ሰውዬውን እየመዘናችሁ አይደለም። ለዛ ነው ለትልቁም ለትንሹም ለወንዱም ለሴቷም የምትሆነው። የተጠራጠረ ሰው እሰይ ይበል፣ አይሳሳትም። ጎሽ ግን አቅጣጫ አላት፣ ከላይ ወደ ታች ነው የምትሄደው። አባት ለልጁ፣ የኔታ ለተማሪው፣ ጋሼ ለሰፈር ጎረምሳ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ»፣ «ጎሽ የኔ አንበሳ»። እኩያ ለእኩያም በጨዋታ ይባባላል። ነገር ግን ሃያ ምናምን አመት ልጅ ሽበታሙን ሰውዬ ጎሽ ሲለው አንድ ነገር ይጎረብጣል፣ ልጁ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ቃሏ ናት ፈታኝና ተፈታኝ የምታደርጋቸው። አበጀህም እንደዛው ናት፣ አበጀ ማለት ሰራ አሳመረ ነው፣ አበጀህ ስንል ስራህን አይቼ አጸደቅኩልህ እያልን ነው፣ ስለዚህ ማጽደቅ የሚችል ሰው አፍ ላይ ነው የምታምረው። በአክብሮት «አበጁ» ትባላለች፣ ግን ለትልቅ ሰው ስትባል ራሷ ጆሮ ላይ ትንሽ ትከብዳለች ለኔ። ለትልቅ ሰው ምረቃው ነው የሚያምረው፣ «እድሜ ይስጥልን»፣ «እጅዎ ይባረክ»፣ እንዲህ ነው የሚባለው።

ይሄን ሁሉ የማወራው ቤቱ ውስጥ ያየሁትን ልነግራችሁ ነው። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል፣ በሩ ጋ አንድ ጠረጴዛ ልጆች አሉ፣ ልደት መሰለኝ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ስልሳውን የተሻገረ ሰው ነው፣ ነጭ በነጭ ለብሶ። አንዲት ጥሩ ነገር አለ ስለ ቤት ኪራይ፣ እና አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ «ጎሽ! ጎሽ!» አለ በጣም ጮክ አድርጎ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ከልቡ ነው፣ ዓይኑ ያስታውቃል። ግን ጎኔ ያሉት ጋሼ (እመጣባቸዋለሁ) ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፣ አንድ ሁለት ሰውም ዞር አለ። አዝማሪው ምንም ሳይመስለው ወደ ልጁ ጠጋ አለ፣ ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስተካከለና እንዲህ አለ፦

ጎሽ ብሎ ተጣራ አዳኝ ነው መሰለኝ፣
አይሄድም ከዚህ ቤት መቶ ሳይጥልልኝ።

ቤቱ ለአንድ አፍታ ዝም አለ፣ ከዛ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ላልገባው ሰው፣ ሰሙ የጫካ ጎሽ ነው፣ ጎሽ ብሎ የሚጣራ ሰው አዳኝ መሆን አለበት፣ አዳኝ ደግሞ መትቶ ሳይጥል ወደ ቤቱ አይመለስም። ወርቁ ያው ገብቷችኋል፣ መቶ ብር ሳትጥልልኝ አትወጣም ነው። አንድ ቃል አይደለም የተጫወተባት፣ ጎሽም መቶም መጣልም ሶስቱም ሁለት ሁለት ሆነው ነው የተሰለፉለት፣ እሱም የልጁ ድምፅ ገና ሳይበርድ። ልጁ እየሳቀ ተነስቶ ሁለት መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት (በ2013 ዓ.ም ባለ ሁለት መቶዋ ከመጣች ወዲህ ሽልማት ወይን ጠጅ ቀለም ሆኗል፣ ግጥሙ ግን መቶ ላይ ነው የቀረው)። እኔ በጣም የወደድኩት ምኑን ነው መሰላችሁ፣ ልጁን አላሳፈረውም። ያቺ ያለቦታዋ የመጣች ጎሽ እንዴት እንደምትከብድ ነገረው፣ ግን በሳቅ ነገረው፣ እሱንም አከበረው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እሰይ ነው ሲል ያደረው፣ ማንም ሳይነግረው።

አሁን ጎኔ ስላሉት ጋሼ። ሁልጊዜ ጥግ መደቡ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ይዘው ነው የሚቀመጡት፣ አይጮሁም አይጨፍሩም። ልጅ ሆነው ጎጃም ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል፣ ስንጨዋወት ነው የነገሩኝ። መጀመሪያ ቀን ነገሩ ግራ ገብቶኝ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ሲስቅ እሳቸው አይስቁም፣ ሰዉ ስቆ ሲጨርስ፣ ዝም ሲል፣ ቀስ ብለው «ይበል» ይላሉ። በቃ። ከአጠገባቸው ካልሆናችሁ አትሰሙትም። አዝማሪው ግን ይሰማል! ዞር ብሎ በአንገቱ እጅ ነስቶ ነው የሚቀጥለው። ለምን እንደሚዘገዩ ስጠይቃቸው «ሰሙ ያስቃል ልጄ፣ እኔ ወርቁ እስኪወርድ እየጠበቅኩ ነው» አሉኝ።

ይበል ከቅኔው ጉባኤ የምትመጣ ቃል ናት። ቅኔ ሲዘረፍ (እዛው ተፈጥሮ ሲባል ማለት ነው)፣ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ያላት ጉባኤ ቃናም ብትሆን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ ምስጢሩ ሲገጥም ሊቃውንቱ ይበል ይላሉ። ቃሏን አስተውላችሁ እዩዋት፣ በል አይደለችም ይበል ናት፣ ፊት ለፊት ሰውዬውን አታናግርም፣ ስለሱ ለጉባኤው ነው የምትናገረው፣ ይናገር ይቀጥል ይገባዋል እንደማለት። ስለዚህ ማንንም አታሳንስም፣ ተማሪ ለመምህሩ ቅኔ ይበል ቢል ነውር የለውም። ጋዜጣ ላይ «ይበል የሚያሰኝ ጅምር» ሲባል ሁላችንም እናነባለን፣ ዜና ላይ ሲደጋገም ቃሏ ደርቃ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ሆናለች፣ እኔም እዚህ ቤት ነው በህይወት ያየኋት። እና እንግዲህ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ይበል ሌላ ይበልህ ሌላ ነው! አንዲት ፊደል ስትጨመርባት ደግ አደረገህ፣ የእጅህን አገኘህ ትሆናለች። እሰይም እንደዛው ናት፣ ሰው ሲወድቅ «እሰይ!» ካላችሁ ደስታችሁ በውድቀቱ ነው ማለት ነው፣ ልጆች ደግሞ ሲቆጧቸው «እሰይ አበጀሁ» ይላሉ፣ ቃላቱ ያው ናቸው ግን እልህ ሆነው ወጡ። ብርጭቆ የሰበረን ልጅ «ጎሽ! አበጀህ!» ያላለች እናት የለችም። ቃሉ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ድምፁና ሰዓቱ ናቸው የሚወስኑት፣ ለዚህ ነው ጽሁፍ ላይ የምንጽፋት እሰይና አፍ ላይ ያለችው እሰይ የሚለያዩት።

በነገራችን ላይ ሁሉም ቦታ የራሱ አለው። ቤተክርስቲያን ስብከት ሲያልቅ «ቃለ ህይወት ያሰማልን» ነው፣ ምግብ ሲጣፍጥ «እጅሽ ይባረክ» ነው፣ የጓደኛ ልብስ ሲያምር «ይመችሽ» ነው፣ ቲክቶክ ስር ደግሞ «እሳት ነህ» «ቀውጢ» ይባላል፣ ሁሉም ቦታው ላይ ያምራል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ዋው የሚል ሰው አለ፣ በተለይ ለገና ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ እህት ወንድሞቻችን፣ እኔ አልቃወምም፣ ከልብ እስከሆነ ድረስ ዋውም ይደርሳል። ግን ዋው አንድ ነች፣ ለሳቁም ለሀዘኑም ለወርቁም ለጭፈራውም ያቺው ነች። አዝማሪው ከዋው ውስጥ ምን እንደወደዳችሁለት ማውጣት አይችልም። እሰይ ስትሉት ግን ሞቋቸዋል ይላል፣ ይበል ስትሉት ምስጢሩ ገብቷቸዋል ይላል፣ እልልታ ሲሰማ ልባቸው ተነክቷል ይላል፣ ቀጣዩን ግጥም የሚመርጠው በዛ ነው።

እልልታ ካልኩ አይቀር፣ እዚህ ቤት ተቀበል በደንብ ይሰራል። ማለት እንግዳው ራሱ ተቀበል ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። አንድ ማታ ሁለት ሴቶች መጡ፣ አንዷ ከዱባይ ከስንት አመት በኋላ ገና መመለሷ ነው፣ ጓደኛዋ አፈር ብላ እጇን አነሳችና «ተቀበል» አለች፦

ስንት ዓመት ናፍቄሽ ዛሬ አየሁሽ ባይኔ፣
ከንግዲህ አትሄጅም ተለይተሽ ከጎኔ።

ወርቅ የለውም፣ እንደወረደ ነው። አዝማሪው ግን አላስቸኮለውም፣ ትዝታ ቅኝት ላይ አስገብቶ ደጋግሞ ደጋግሞ አዜመው፣ ዘፋኟም ተቀበለችው፣ እና እሰይ የሚል አንድ ሰው የለም፣ ጎሽም የለም፣ ከየጥጉ እልልታ ብቻ ነው የመጣው፣ ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ ራሷ ሽርጧን ሳትፈታ በሩ ላይ ወጥታ እልል አለች። ጋሼ ይበል አላሉም፣ አይናቸውን ነው የጠረጉት። ሰዉ ማንም ሳያስተምረው የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ያውቃል፣ ቤቱ ጥሩ ሲሆን ይወጣለታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ይሄን ቤት የምወደው።

ስለ ሴቷ ዘፋኝ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በጣም ጎበዝ ነች፣ አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ድምጿ ሌላ ነው፣ ግጥምም ራሷ ትፈጥራለች። ግን አንዳንድ ወንድ ሲያደንቃት የሚያደንቀው ሰውነቷን ነው፣ ስንኝ ጨርሳ ቆማ «አቤት ወገብ» ይላታል። ይሄ አድናቆት አይደለም። ለስራዋ «አበጀሽ»፣ «አፍሽ ይባረክ»፣ «እሰይ የኔ እህት» የሚባል ቃል ሞልቶ እያለ ምን አይነት ስስት ነው? እሷ በግጥም መልሳ አፉን ታዘጋዋለች፣ ትችልበታለች፣ ግን ስራዋ ያ መሆን የለበትም። የቤቱ ባለቤት እንዲህ አይነት ሰው ሲያይ ራሱ ሄዶ ያናግራል፣ አንድ ቀን ሂሳብ አስከፍሎ ሲሸኝ አይቻለሁ፣ ለዚህ ሙሉ ነጥብ ነው የምሰጠው።

ሽልማት ላይ ደግሞ፣ ገንዘብ ግንባር ላይ መለጠፍ ቃልን አይተካም። ሁለቱ አብረው ናቸው የሚሄዱት፣ መጀመሪያ ቃሉ፣ ከዛ ብሩ። ዝም ብሎ ተነስቶ ለጥፎ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ ሰርቪስ ክፍያ ይመስላል፣ አዝማሪው ያመሰግናል ግን ግጥሙ አይሞቅም። እዚህ ላይ ቤቱን የምወቅስበት ነገር አለኝ፣ አዝማሪዎቹ (በተለይ ወጣቱ፣ ማታ ማታ ሽማግሌውን የሚተካው) ብር ያለበት ጠረጴዛ ላይ ይቆያሉ፣ ጥግ ያለነው አንዳንዴ ሙሉ ሰዓት ስማችን ሳይነሳ ያልፋል። ኑሯቸው ከዛ ሽልማት ነው፣ ይገባኛል፣ ቢሆንም ጥሩ አድማጭ ብዙ ጊዜ ጥግ ነው ያለው። ወጣቱ ሌላም ችግር አለው፣ መልስ ሳይጠብቅ ይሮጣል፣ ዝምታዋን አይተዋትም፣ ሰዉ እሰይ ሊል አፉን ሲከፍት እሱ ቀጣዩ ስንኝ ላይ ነው። ድምፁ ግን ግሩም ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። ሽማግሌው ሲጫወት ቁጭ ብሎ ስለሚሰማ ይማራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ሽማግሌውም ከጎኑ ሆኖ ጥሩ ነገር ሲልለት «ጎሽ» ይለዋል፣ ያቺ ጎሽ ደግሞ እንዴት እንደምታምር! ልጁ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

ይሄ ስራ ቀልድ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ይወቀው፣ ለማያውቅ ልንገረው። በ1929 ዓ.ም ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ካስገደላቸው ሰዎች መሀል አዝማሪዎች አሉበት፣ በየገበያው እየዞሩ የሚናገሩት ቃል ሰው ያስነሳብኛል ብሎ ፈርቶ። ጠመንጃ አልያዙም፣ ማሲንቆ ነው የያዙት፣ የፈረስ ጭራ ያለባት አንዲት ክር። የተፈራው አዝማሪው ተናግሮ ሰዉ ደግሞ እሰይ ሲል ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ። እኔ ሰው ስልኩን ዘርግቶ ቪዲዮ እየቀረጸ አፉን ዘግቶ ሲያመሽ ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ቅረጹ፣ ክልክል አይደለም፣ ቤቱም ይፈቅዳል፣ ግን መልሱለት እባካችሁ።

ምግብ። ጥብሳቸው ጥሩ ነው፣ በሸክላ ነው የሚመጣው፣ ሽንኩርቱ አይበዛም። ሽሮው ከዛም ይበልጣል፣ ለጾም ቀን የሚሄድ ሰው አይከፋውም። አዋዜው ያቃጥላል ቀድሜ ልንገራችሁ። ጠጁ ሁለት አይነት ነው፣ ለስላሳውን ነው የምመክረው፣ ደረቁ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ የሰከረ ሰው ደግሞ ወርቅ አይሰማም። ቢራው ከሰፈር ግሮሰሪ በደንብ ይወደዳል፣ መግቢያ ግን አያስከፍሉም ስለዚህ ያው ነው። ሂሳብ ላይ አስተናጋጇ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ነው የምታሳያችሁ፣ ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም። መጸዳጃ ቤቱ ንጹህ ነው ግን አንድ ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ሰልፍ አለው። በርጩማው ለረጅም ሰው ስቃይ ነው፣ መደቡ ላይ ቀድማችሁ ያዙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄዱ የምለው፣ ስማችሁን ለአስተናጋጇ ቀድማችሁ ንገሯት፣ አዝማሪው በስም ነው የሚጀምረው። ሲያወድሳችሁ አትሽኮርመሙ፣ ሲነካካችሁም አትቆጡ፣ ሁለቱም ከአንድ ፍቅር ነው የሚመጡት። የመጀመሪያዋ ስንኝ ስትደገም ወሬ አቁሙ። ካልገባችሁ ጎናችሁ ያለውን ጠይቁ፣ እዚህ ቤት ወርቁን ለማያውቅ ማስረዳት የሚሰለች ሰው አላጋጠመኝም። ስንኝ ካላችሁ ተቀበል በሉ፣ ባይገጥም እሱ ያስተካክለዋል፣ ስንት የተሰባበረ ስንኝ አቃንቶ ለባለቤቱ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ያኔ መጀመሪያ እሰይ የሚለው ሰጪው ራሱ ነው።

ሰኞ ዝግ ነው። በጾም ሰሞን አንዳንዴ ጭራሽ አይከፍቱም፣ ሁዳዴ ላይ አትልፉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል ግን ሽማግሌው የሚመጣው ሶስት ተኩል ገደማ ነው፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል፣ እሱን ለመስማት ከሆነ የምትሄዱት በዛ መሀል ሁኑ። ሀሙስ ከቅዳሜ ይሻላል፣ ሰው ያንሳል፣ ጋሼም ሀሙስ አይቀሩም። መኪና ከያዛችሁ ዋናው መንገድ ላይ አቁማችሁ በእግር ግቡ፣ ውስጡ መዞሪያ የለውም፣ ራይድ ስትጠሩም ዋናው መንገድ ድረስ ውጡ፣ ሾፌሮቹ ውስጥ መግባት አይፈልጉም።